ማን አነሳው?

ባለፈው እሁድ ሱሉልታ፣ የእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ፣ አንዲት ልጅ ስልኳን ለጓደኞቿ እያሳየች «ይሄን ማን አነሳው? ሲያምር» ስትል ሩዜን ትቼ ቀና አልኩ። ጥያቄው ምንም የለበትም፤ ሰው በቀን አስሬ የሚጠይቀው ነው። እኔን ግን ወደ ወጣትነቴ መልሶ አፋር በረሃ ላይ ጣለኝ።

ያኔ ሰበታ፣ በአባቴ ጨርቅ ቤት ነበር የምውለው፤ ልቤ ግን ካሜራዬ ላይ ነበር። አባቴ ፎቶ አንሺ ሲባል የሰርግ አጃቢ ነበር የሚመስላቸው። አንድ ቀን ንዝንዜ ሲሰለቻቸው፣ «እሺ፣ ሰው ቆሞ የሚያየው ፎቶ አምጣና ሱቁን ለወንድምህ እሰጣለሁ። ካልሆነ ሜትርህን ይዘህ ጨርቅህን ለካ» አሉኝ።

ከቡራዩው ጓደኛዬ ከቢንያም ጋር በጥር ወጣን። ካሜራው የእኔ፣ ድንኳኑ የእሱ። ሰበታን ስንለቅ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጭ ነበር፤ አዋሽን ካለፍን በኋላ ሸሚዛችን ጀርባችን ላይ ተጣበቀ። ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምን፣ በማይረባ ነገር እየሳቅን ሄድን። እንደ እሱ የማምነው ሰው አልነበረኝም።

በረሃው ውስጥ ባደርን ማግስት ጎህ ሲቀድ ጥቁሩን የድንጋይ ኮረብታ በእግር ወጣን። ቢንያምን ጫማው ልጦት ወደ ኋላ ቀረ። ጫፉ ላይ ስደርስ ፀሐይ ብቅ አለች። ከታች የጨው ሜዳው ቀልቷል፣ ግመሎች ተሰልፈው ይሄዳሉ፣ ጥላቸው ከቁመታቸው ረዝሟል። አነሳሁት። ውሃ ስቆጥብ ስለነበር ወዲያው አዞረኝና ወደቅኩ፤ ካሜራውም ከእጄ አመለጠ። ቢንያም እያነከሰ ደርሶ የራሱን ውሃ አጠጣኝ፤ ካሜራውን ከመሬት አንስቶ አንገቱ ላይ አጠለቀ፤ እኔን ደግፎ አወረደኝ። እውነቱን ለመናገር፣ እሱ ባይኖር አልተርፍም ነበር።

ስንመለስ ፎቶዎቹን በኮምፒውተሩ ላስተካክል ብሎ ወሰደ። ቆየት ብሎ አዲስ አበባ አንድ አዳራሽ ውስጥ ኤግዚቢሽን እንዳለና ፎቶው እንደሚቀርብ ነገረኝ። አባቴን ጀለቢያቸውን አስለብሼ ይዣቸው ሄድኩ። ግመሎቹ ግድግዳውን ሞልተውታል። ከሥራቸው የቢንያም ስም ብቻ አለ።

አባቴ ቆመው ብዙ አዩት። «ማሻአላህ። ይሄን ማን አነሳው?»

«እኔ ነኝ ሐጂ» አለ ቢንያም፣ እያየኝ።

ክንዱን ይዤ ወደ ጥግ ወሰድኩት። «አንተ፣ ምን ማለትህ ነው?»

«ምን ዋሸሁ? ከመሬት ያነሳሁት እኔ አይደለሁ?» ሳቀ። «ባላነሳው እዚያው ይቀር ነበር። አንተም ጭምር።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ሲጥል ግን እንዲህ የሚቀልድ አይመስለኝም ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቢንያም ግን እንዴት እንዳተረፈኝ አስቀድሞ አጫውቷቸው ኖሯል።

«ከሞት ባወጣህ ልጅ ትቀናለህ? ነውር ነው ልጄ» አሉኝ። በማግስቱ ሜትሬን ያዝኩ።

ከዚያ በኋላ በመረቁኝ ቁጥር «አላህ እንደ ጓደኛህ ያለ ዓይን ይስጥህ» ይሉኝ ነበር። አሚን እላለሁ፤ ምን ልበል።

አሁን ሽበቴን የሚያዩ ሰዎች ይቅር በለው ይሉኛል። ፎቶውንስ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ግመል እንደሆነ በረሃው ሙሉ ነው። አባቴ ግን ልጃቸው ቀናተኛ እንደሆነ አምነው ነው የሞቱት። እሱን ከማን ዘንድ ሄጄ ላስመልሰው?