እስከ እሁድ ባቆያችሁኝ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ መርፌ» ነው የሚላት። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንዲት ልጇን በእግሯ የስፌት መኪና እየረገጠች አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ለቁም ነገር አብቅታለች። ልጅቱ ግን ሥራ ያገኘችው የግማሽ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ርቃ፣ ጠርሙስ ፋብሪካ ውስጥ ነው። በስልክ «መጣሁ እኮ እማዬ» ማለት ታበዛለች፤ መምጣቱ ግን ዛሬ ነገ ሲባል ዓመት አለፈው።

እትዬ መርፌ ሥራ ከያዘች ውሃ አትጠጣም። «ይቺን ኮሌታ ልግጠምና» እያለች ሽንቷንም ይዛ ትውላለች። ይሄ ልማዷ ይሁን ስኳሯ እንጃ፣ አንድ ጠዋት ጎኗን ሰቅዞ ያዛት። ሰውነቷ እየነደደ ጥርሷ ይንገጫገጭ ጀመር። ጎረቤቷ ፀጉር ሠሪዋ ደግፋ ሆስፒታል አደረሰቻት።

«ኩላሊትዎ ኢንፌክሽን አለው» አላት ወጣቱ ሐኪም። «ተኝተው በደም ሥር መድኃኒት ይወስዳሉ።»

«ስንት ቀን ያስተኛኛል፣ ዶክተር?»

«ቁርጡን መናገር ይከብዳል። አልትራሳውንዱ ጠጠር አላሳየም፣ እሰየው ነው። ግን ዕድሜም አለ፣ ስኳርም አለ፣ ትኩሳቱም ቶሎ የሚበርድ አይመስልም። እስከ ሰኞ ይቆያሉ ብዬ እገምታለሁ።»

ልጇ በድንጋጤ ደወለች። «እሁድ እመጣለሁ፣ እማዬ! ሆስፒታል ተኝታለች ብዬ አለቃዬን አስፈቅጃለሁ።»

እትዬ መርፌ ጎኗ እየወጋት ፈገግ አለች። ዕድሜዋን ሙሉ መርፌ ይዛ ኖራ የሐኪም መርፌ ስታይ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ነርሷ ስትስቅባት እሷም አብራ ትስቃለች። ሐሳቧ ያለው እሁድ ላይ ነው። ልጇ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ፀጉሯን እያበጠረችላት፣ ሲያወሩ ሲያወሩ ይታያታል።

መድኃኒቱ ግን ከተገመተው በላይ ፈጠነ። ትኩሳቱ ለቀቃት፣ እህልም ጣማት። ዓርብ ጠዋት ሐኪሙ ፊቱ በርቶ መጣ። «ግምቴን ውድቅ አደረጉት! ከሰዓት ወደ ቤትዎ።»

«ኧረ ጎኔ አሁንም ያመኛል!»

«እዚህ ጋ?»

«አዎ።»

«እዚህስ?»

«እሱስ ብሶበታል!»

የነካው ጤነኛውን ጎኗን ነበር። ቀና ብሎ አያት። «እናቴ፣ ምን ሆነው ነው?»

«እሁድን እዚህ ባሳልፍ ምናለበት? ልጄ የምትመጣው ታማለች ስለተባለ ነው። ዳነች ከተባለ ትቀራለች።»

ሐኪሙ ወደ በሩ ዞር አለ። በተከፈተው በር፣ ኮሪደሩ ላይ፣ አንዲት ሴት ቃሬዛ ላይ ተኝታ አልጋ ትጠብቃለች። ጥርሷ ሲንገጫገጭ ይሰማል። እትዬ መርፌ ጥቂት አዳመጠችና እግሯን ከአልጋው አወረደች። «በሉ እሷን አስገቧት።»

የቀረውን መድኃኒት በኪኒን ይዛ ቤቷ ገባች። ስልኩን እያነሳች ብዙ ጊዜ መልሳ አስቀመጠች። ውሸት ምላሷ ላይ መጥቶባት ነበር። በመጨረሻ ደወለች።

«ወጣሁ፤ ድኛለሁ።»

«ተመስገን! እንግዲያው እማዬ፣ የእሁዱን...»

«አሞኝ ሳይሆን ናፍቀሽኝ ነው» አለች እናት ቀደም ብላ። «ነይ።»

ልጅቱ እንዲህ ያለ ቃል ከእናቷ አፍ ሰምታ አታውቅም።

«እሺ፤ እመጣለሁ» አለች።

እሁድ እኩለ ቀን ላይ ደረሰች። ተረኛ ሆና አድራ ከፋብሪካው በቀጥታ ነበር የተሳፈረችው። እናቷን አቅፋ አገላብጣ ሳመቻት፣ ምሳዋን ግን ሳትጨርስ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣላት። እናት ጫማዋን አወለቀችላት፣ ብርድ ልብስ ደረበችላትና አጠገቧ ተቀመጠች። ልጇ ከስታለች። ግንባሯ ላይ ድሮ ያልነበረ መስመር ወጥቷል። የሚወራው መዓት ነው፤ እጇ ልትቀሰቅሳት ስንቴ ተዘርግቶ ስንቴ ተመለሰ።

የአውቶቡሱ ሰዓት ሲቃረብ ነካ አደረገቻት።

«ወይኔ! ለምን ዝም አልሽኝ? ሳንጫወት!»

«አየሁሽ እኮ።»

እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ መናኸሪያው ሄዱ። እናት ወሬዋን መንገድ ላይ ጀመረች፤ ገና ግማሹ ላይ ሳለች አውቶቡሱ ተነሣ።