የጋራ ግድግዳ

የቦካ ጭቃ ሽታ በመስኮት ይገባል። እዚህ ቢቸና የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ማድ ቤታቸውን እያስመረጉ ነው። ጭድ ከጭቃ ጋር ሁለት ሦስት ቀን ተኝቶ ሲቦካ የሚያወጣውን ሽታ ሳታውቀው አትቀርም፤ ጎምዘዝ ያለ ነው፣ ወደ ጠላ ጥንስስ የሚጠጋ። ጎረቤቶቼ መስኮታቸውን ዘግተዋል። እኔ ከፍቼ ተቀምጫለሁ።

ሞጣ ተማሪ ሳለሁ፣ ዐሥራ አንደኛ ክፍልን በጨረስንበት ክረምት ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ተመዘገብሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ የወሰደኝ በጎነት አልነበረም። ቤት ከዋልሁ እናቴ ሥራ ታበዛብኛለች፤ እዚያ ደግሞ ቲሸርት ይሰጣል ተብሏል። ቲሸርቱ እኔ ጋ ሳይደርስ አለቀ። ለቡድናችን የደረሰው ሥራ አንዲት ጧሪ የሌላቸውን አዛውንት ቤት ማደስ ነበር። ሁላችንም «እማማ» እንላቸው ነበር። ቤቱ ታድሶ እስኪያልቅ ማኅበርተኛቸው ዘንድ ተጠግተው ቆዩ።

ጊዜው ፍልሰታ ነው። ጾም ውለን፣ ሱሪና ቀሚሳችንን ሰብስበን ጭቃ እንረግጣለን። ዝናብ ሲመጣ እየሮጥን እንገባለን፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እየተጯጯህን ካልሆነ አንደማመጥም። ሲያባራ ተመልሰን እንረግጣለን።

የእማማ ቤት ከጎረቤት ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራ ነበር። በዚያ ግድግዳ ላይ፣ ከመደቡ ከፍ ብላ፣ ራስ የምታሾልክ ሽንቁር አለች፤ በጨርቅ ተወትፋለች። አስተባባሪያችን ክፍላችን ውስጥ ደብተሩን በላስቲክ የሚለብድ ብቸኛው ልጅ ነበር። «ይቺን ሳንደፍን ብናስረክብ ይሳቅብናል» አለ። ጨርቁን አወጣን፣ ጭራሮ አጋደምን፣ መረግናት። ከወዲያ በኩል አንዲት ሴት ሲያስሉ ሰማሁ።

ርክክቡ በማግስቱ ሆነ። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ መጡ፣ ካሜራ የያዘ ሰው ተከተላቸው። እማማ ነጠላቸውን አደግድገው ገቡና ግድግዳውን ሲያዩ ቀጥ አሉ። ኃላፊው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እያሉ ንግግራቸውን ሲጀምሩ፣ እማማ ክንዴን ይዘው ሳብ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ እሷ ናት ድፈኑልኝ ያለቻችሁ?»

«ማን፣ እማማ?»

«ጎረቤቴ ናታ!»

«ኧረ ማንም አላለንም። እኛው ነን የደፈንነው።»

ያኔ ነው በሹክሹክታ ያጫወቱኝ። ጎረቤታቸው በርበሬ ነጋዴ የነበሩ ሙስሊም እናት ናቸው፤ እግራቸውን ከታመሙ ወዲህ ከቤት አይወጡም። የሁለቱ በር ለየብቻው መንገድ ይወጣል፤ እማማም ጉልበታቸው ያን ሁሉ ጭቃ ዞሮ አይዘልቅም። የሚገናኙት በሽንቁሯ ብቻ ነበር። በረመዳን እማማ ዶሮ ሲጮህ ነቅተው ጎረቤታቸውን ለሱሁር ምግብ ይቀሰቅሳሉ። በፍልሰታ ደግሞ ጎረቤታቸው ሥጋ ሲሠሩ ሽታው ጾመኛዋን እንዳይፈትን ሽንቁሯን በጨርቅ ይወትፋሉ።

እማማ ንግግሩ እስኪያልቅ አልጠበቁም። መደቡ ላይ ወጡና ያልደረቀውን ጭቃ በመዳፋቸው ገፉት። ጭራሮው ተሰበረ፤ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ገባ። ኃላፊው ንግግራቸውን አቆሙ። አስተባባሪው ራሱን ያዘ።

«ማነው?» አለ ከወዲያ ማዶ አንድ የሻከረ ድምፅ።

«እኔ ነኝ እንጂ፣ ማን ይሆናል!»

«አንቺ ያስደፈንሽው መስሎኝ! ምን በድያት ይሆን ስል እንቅልፍ ባይኔ ሳይዞር አደረ።»

«እኔስ አንቺ መስለሽኝ አይደል! እነዚህ ልጆች ደግ ሠራን ብለው ሊያቆራርጡን ነበር እኮ!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ኃላፊውም ሳቁ። አስተባባሪው ጭቃ አመጣና የሽንቁሯን ዙሪያ እንደ መስኮት አሳምሮ መረገው። ሁለቱ ሴቶች እኛን ረስተው ወሬያቸውን ቀጠሉ። ደስ አለኝ። ለሥራው ስል የመጣሁ ያህል ደስ አለኝ።

ማድ ቤቱ እየተመረገ ነው። አከራዬ ሠራተኛውን «ወፈር አድርገው እንጂ!» ሲሉት ይሰማኛል።

በቀጣዩ ክረምት እማማ ሰው ልከው አስጠሩኝ። ጎረቤታቸው ከረመዳን በፊት ዐርፈዋል፤ ቤቱን አዲስ ሙሽሮች ተከራይተውታል።

«ድፈኚልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። «ረመዳን ሲገባ እንደ ልማዴ ዶሮ ሲጮህ ነቅቼ በሽንቁሯ ‹ተነሽ እንጂ!› ብዬ ተጣራሁ። ሙሽራዪቱን ክው አደረግኋት። የአሮጊት ጆሮ ተደቅኖባቸውስ እንዴት ይጫወቱ?»

ጭቃውን ብቻዬን አቡክቼ መረግሁት። እማማ መዳፋቸውን ውኃ ውስጥ እየነከሩ አለሰለሱት። ከዚያ፣ «እስኪ በወዲያ ዞረሽ ስሚልኝ። ድምፄ የሚያልፍ እንደሆነ ልጆቹን እንዳልረብሽ» አሉ።

ዞርሁ። ሙሽራዪቱ በር ከፈተችልኝ፤ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍሁ። የእማማ ድምፅ ቀጥኖ ይመጣል። የሚያናግሩት እኔን አልነበረም።

«በርበሬ ዘንድሮ አይቀመስም» ይላሉ። «አመዷ ድመትሽ እኔ ጋ ናት፤ አታስቢ።» ከዚያ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ይላሉ። ከዚያ ደግሞ ይቀጥላሉ።

ሙሽራዪቱ አጠገቤ ቆማ ትሰማ ነበር። «እኛ ምንም አንሰማም በያቸው» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ተመልሼ ስገባ እማማ መደቡ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«ይሰማል?»

«ምንም አይሰማም፣ እማማ» አልኋቸው።

«ተመስገን፤ እንግዲያ ሰው አልረብሽም» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።