ሌላኛው የሾናግ አባት

በመንደራችን ሦስት ሙርዶ ማክአውሊዎች አሉ። አንዱ አናጺ ነው። አንዱ ዘጠና ዓመት አልፎት አልጋ ላይ ነው። ሦስተኛው ከአጥሬ ማዶ የሱፍ ጨርቅ የሚሸምነው ጎረቤቴ ነው። «ሙርዶ ማክአውሊ ታመመ» ቢባል የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሸማኔውን ሙርዶ ፌድ እንለዋለን፤ ፌድ በደሴታችን ቋንቋ ፉጨት ማለት ነው። መሸመኛውን በእግሩ እየረገጠ ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ ይውል ነበር። ሚስቱ ፍሎራ ስትሞት እንኳ ከጥቂት ወራት በኋላ ፉጨቱ ተመልሷል። ጭራሽ የጠፋው ልጁ ሾናግ የተያዘች ጊዜ ነው።

ሾናግ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር የሰው መኪና አስነስተው ከተማ ውስጥ አንዲት አሮጊት ገጩ፤ የሴትዮዋ ዳሌ ተሰበረ። መሪውን የያዘችው ሾናግ ነበረች። ጉዳዩን ያዩት ሰዎች ባሕር ተሻግራ፣ ግላስጎ አጠገብ ባለ የተዘጋ የልጆች ማቆያ እንድትቀመጥ ወሰኑ። ለሙርዶም አባት ስለሆነ ልጁን የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ እሷም ማን እንዲጠይቃት እንደምትፈልግ ስም እንደምታስመዘግብ ነገሩት።

መጠየቂያው እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። እኛ ደግሞ እሁድ ሰንበት ስለሆነ በመርከብም በመኪናም አንጓዝም። ሙርዶ ቅዳሜ በመርከብ ተሻግሮ፣ አንዲት ያገራችን ሴት ቤት አደረ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አውቶቡስ ላለመሳፈር ሁለት ሰዓት ሙሉ በእግሩ ሄደ። ለእሷ ብሎ የሸመነውን ሰማያዊ የአንገት ልብስ በብብቱ ይዟል።

የማቆያው በር ላይ የነበረው ወጣት መታወቂያውን አየ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን አየ።

«ስምዎ የለም።»

«አባቷ ነኝ እኮ።»

ወጣቱ እንደገና ፈለገ። «አባት ተብሎ የተመዘገበ አለ። ግን ሌላ ሰው ነው።»

«ሌላ ሰው?»

«ስሙን መናገር አይፈቀድልኝም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኃላፊዋ ሰኞ ትገባለች፣ ቢደውሉላት…»

ሙርዶ ኮፍያውን አጥልቆ ወጣ። ሰኞም አልደወለም። ከማቆያው ሲደወልለትም ስልኩ ጮኾ ጮኾ ይዘጋል፤ ከግቢዬ ሆኜ እሰማው ነበር።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ አጥሩ ላይ ተደግፎ ጠራኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ፍሎራ እኔን ሳታገባ በፊት… ከሰው ጋር ትታይ ነበር እንዴ?»

«ምን ነካህ አንተ? ፍሎራ?»

«እንዲያው ነው።»

እንዲያው እንዳልሆነ ገባኝና ወጥሬ ያዝኩት። ነገረኝ።

«ታዲያ ማን ነው ብለህ አትጠይቅም ነበር?»

«ጢም ላላበቀለ ልጅ፣ ሚስቴ ከማን እንደወለደች ንገረኝ ልበለው?»

በእሱ ቦታ ብሆን እኔም የምጠይቅ ሰው አይደለሁም። ያኔ ግን «ተነስ፣ ደውል» ልለው ይገባኝ ነበር። አላልኩም። በዚያው ማታ ቤቱ ስገባ የፍሎራ ፎቶ ከግድግዳው ወርዶ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል።

በአምስተኛው ሳምንት ፖስታ አመላላሿ ፔጊ መጣች። ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ መጮህ ጀመረች።

«አንተ ፌድ! ዝናህ ግላስጎ ገባ እንዴ? ሃያ ዓመት ስሠራ በቅጽል ስም የመጣ የመንግሥት ደብዳቤ አይቼ አላውቅም። ይኸው፣ ‹ለአቶ ሙርዶ ፌድ›! አቶ ፉጨት!»

ብቻዋን ሳቀች። ሙርዶ ፖስታውን ትኩር ብሎ አየና የድንጋዩ አጥር ላይ ቁጭ አለ።

«ጋሼ፣ ያንብቡልኝ።» ብሎ ፖስታውን ሰጠኝ።

ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ስለሆነ አሁንም በዝግታ ነው የማነበው። እሱም አላጣደፈኝም። ደብዳቤው ሾናግ በአባትነት ያስመዘገበችው «ሙርዶ ፌድ» የሚባል ሰው እንደሆነ፣ በዚህ ስም መታወቂያ ስላልቀረበ ማጽደቅ እንዳልተቻለ ይናገራል። መጨረሻው ላይ «ልጅቷ አራት እሁድ ጠብቃዎታለች» ይላል።

«አራት» አለ ሙርዶ።

ሙርዶ ማክአውሊና ሙርዶ ፌድ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚመሰክር ወረቀት ጻፍኩ፤ ቄሱም ፈረሙበት። ቅዳሜ አብረን ተሻገርን፤ እሁድ አብረን በእግራችን ሄድን። እኔ ስሜ ስላልተመዘገበ መተላለፊያው ላይ ቀረሁ። በሩን ግን ገርበብ አድርገው ስለተውት ሁሉንም አያለሁ፣ እሰማለሁ።

ሾናግ ጸጉሯን ተቆርጣለች። ፊት ለፊቱ ተቀመጠች እንጂ አላቀፈችውም።

«ሦስት ሙርዶ አይደለም እንዴ ያለው አባዬ? አናጺው እንዳይመጣብኝ ብዬ ነው ፌድ ያልኩት።» ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ዋጠችው። «እዚህ ያሉት ልጆች ‹አባትሽ አፍሮብሻል› አሉኝ።»

«ሌላ ሰው ነው የተመዘገበው አሉኝ።»

«ማን ነው ብለህ አልጠየቅክም?»

ሙርዶ የአንገት ልብሱን ጠረጴዛው ላይ አደረገ። በመዳፉ ደጋግሞ አስተካከለው።

«ሌላ አባት አላት ሲሉህ አመንካቸው?»

በሩ አጠገብ የቆመችው ሠራተኛ ወደ መሬት አየች።

ሰዓቱ ሳያልቅ ሾናግ ተነሳች። የአንገት ልብሱን አነሳች፤ አልለበሰችውም፤ አጥፋ ያዘችው።

«በሚቀጥለው እሁድ ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

«በማን ስም?»

«አንቺ በጻፍሽው» አለ።

ትንሽ ቆማ አየችው፤ ከዚያ ዞራ ገባች።