የአሰገደች ፊያት ቢጫ ቀለበቶች

አሰገደች መኪና መንዳት የለመደችው ባሏ ታሞ በተኛ ጊዜ ነው። ከደብረ ማርቆስ ደጀን ሰው የሚያመላልስባትን አሮጌ ፊያት ተረክባ ሥራውን ቀጠለች። ሴት ከምትነዳው አንሳፈርም ያሉ ነበሩ። እግር አላችሁ ብላ ጥላቸው ትሄድ ነበር።

ባሏ ካረፈ በኋላ መኪናዋ ብዙ ዓመት ግቢ ውስጥ ቆመች። ዘንድሮ አሰገደች ባለ ጋራዡን ዓለምነውን ጠርታ ታሳድሳት ጀመር። ሞተሩ ተነሣ፤ የዛገው ላሜራ ተለወጠ፤ ነጭ ቀለም ተቀባች። የቀረው ጌጧ ብቻ ነበር፤ የፊት መብራቶቹ ቀለበትና የበሮቹ እጀታ። ድሮ እንደ መስተዋት ያበራ የነበረው የክሮም ልባጣቸው ደብዝዟል። ዓለምነው ከአዲስ አበባ ብርማ ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ አስመጣላት። አገላብጣ አየችና መለሰችለት።

«የእኔ መኪና ሰው ሠራሽ ጥርስ አታስተክልም» አለችው።

ከዚያ አንዱን ቀለበት ፈትታ እንዲያጸዱላት ለወንድሟ ለመሪጌታ አካለ ወልድ ሰጠቻቸው። መሪጌታ የቤተ ክርስቲያኑን መስቀልና ጽና የሚወለውሉት በሎሚና በደቃቅ አሸዋ ነው። ቀለበቱንም እንደዚያው አሹት። ድሮም የሳሳው ክሮም ተገፈፈና ከሥሩ ቢጫ ናስ ወጣ። አሰገደች ለሳምንት ያህል አላነጋገረቻቸውም። ቢሆንም ቀለበቱን ከነቢጫነቱ መልሳ ገጠመችው።

ይህን ጊዜ ልጇ አንተነህ የአባቱን ውርስ አነሣ። ደጀን ላይ ሆቴል ያላቸው አቶ ውበቱ መኪናዋን ሞተሯን አስወጥተው በራቸው ላይ ለጌጥ ሊያቆሟት ይፈልጋሉና እንሽጥ አለ። ነገሩ ለሽማግሌ ቀረበ። ሽማግሌዎቹም ገዢው አይቶ ከወደዳት ትሸጥ፣ ካልወደዳት ግን ለእናትህ ተውላት ብለው ፈረዱ።

አቶ ውበቱ መጥተው መኪናዋን ዞረው አዩ። ወደዷት። ቢጫው ቀለበት ብቻ ዓይናቸውን አልሞላም፤ እሱም በፕላስቲክ ይተካል፣ ሌላው ክሮም ደህና ነው አሉ። አንተነህ ፈገግ አለ።

አሰገደች ቤት ገባች። ስትመለስ በአንድ እጇ ሎሚ፣ በሌላው አሸዋ የያዘ ጣሳ ይዛለች። በርጩማዋን ስባ በሁለተኛው መብራት ፊት ተቀመጠችና ቀለበቱን ታሸው ጀመር።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አላት ልጇ።

«መኪናዬን እየወለወልኩ።»

«እያበላሸሻት እኮ ነው። ሰውየው ቆመው እያዩ።»

«ይዩ። ጉዱን ሳይደብቁ የሚሸጡት ዕቃ እንዲህ ነው» አለችና ወደ አቶ ውበቱ ቀና አለች። «እጀታዎቹም ይቀጥላሉ። እርስዎ በር ላይ የሚገትሯት አሻንጉሊት አይደለችም፤ ሰው ስትጭን የኖረች መኪና ናት።»

ክሮሙ ስስ ነበርና ቢጫው ብቅ ማለት ጀመረ። አቶ ውበቱ ጥቂት ቆመው አዩ። እሳቸው የፈለጉት ነጭና ብርማ የነበረችዋን የድሮዋን ፊያት እንጂ ይህችን እንዳልሆነ ተናግረው ተሰናበቱ። አንተነህ እስከ መንገዱ ተከትሎ ለመናቸው። አልተመለሱም።

በሳምንቱ አሰገደች እጀታዎቹንም ጨርሳ ቁይ ከተማ ገበያ ልትሄድ ተነሣች። ዓለምነው ናስ ቶሎ እንደሚጠቁር ነገራት፤ እጄም አልደከመም አለችው። ሞተሩን አስነሥታ ወደ ግቢው በር ተጠጋች። አንተነህ እጁን አጣምሮ በተዘጋው በር ፊት ቆሟል። ጥሩንባ ነፋች። አልተንቀሳቀሰም። ሞተሩን ሳታጠፋ፣ ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል ጠበቀችው።

በመጨረሻ ዞሮ መቀርቀሪያውን ሳበ።