ማንኳኳት የተወችው ፒክአፕ

ሰው የሚሞተው ቀኑ ሲደርስ ነው ይባላል። ውሸት ነው። ማር ነጋዴዋ እትዬ ዘሃራ የሞቱት ቴስቲና አልቆ ነው።

ዛሬ ቦንጋ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ አሮጌዋ ፒክአፔ በክሪክ ተነስታ ይኸው ቴስቲና የሚሉት የፊት ጎማ መጋጠሚያ ሲፈታ፣ የተቃጠለ ግራሶ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ልጅነቴን አመጣብኝ።

የአባቴ ፒክአፕ ጉድጓድ በነካች ቁጥር ከፊቷ ታንኳኳ ነበር። በሺሺንዳ የገበያ ቀን እትዬ ዘሃራ ሊሳፈሩ መጥተው ሰሟትና፣ «ይቺማ ሳንሞት ሙሾ ጀመረች!» አሉ። ገበያተኛው ስቆ ወደ ሌላ መኪና ሄደ።

አባቴ በዚያው ቀን መካኒክ ዘንድ ወሰዳት። አዲስ ቴስቲና ከጅማ እስኪመጣ አልታገሠም፤ በላላው መጋጠሚያ ላይ የከመነዳሪ ጎማ ቁራጭ አስጠቀጠቀበት። ድምፁ ጠፋ።

«ዳነች?» አለ አባቴ።

«አፏን ያዝኩላት እንጂ አላዳንኳትም፣ ጋሼ» አለው መካኒኩ።

እኔ መኪና አፍ አላት እንዴ ብዬ ሳቅሁ። አባቴም አብሮኝ ሳቀ።

በሚቀጥለው ገበያ እትዬ ዘሃራ «አሁን ገና ሰው ሆነች!» ብለው ጋቢና ገቡ። ወደ ደካ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማዋ ታጥፎ ገደል ገባች። አባቴ ተረፈ፤ እሳቸው አልተረፉም። ለቀስተኛው «ቀናቸው ነው» እያለ አባቴን አጽናናው። እሱም እስኪሞት ድረስ በዚያው ተጽናና።

አሁን መካኒኬ ከመኪናዋ ሥር ቀና ብሎ፣ «አዲሱ እስኪመጣ ጎማ ልጠቅጥቅበት?» አለኝ። እንቢ ብዬው በእግሬ ወጣሁ።

አንተም መኪናህ ካንኳኳች አፏን አትያዝ። ሰው ሳታሳፍርባት አቁማት።