በደሴቲቱ ላይ የሠራሁት ኮረብታ

ሮም ለክህነት ስንማር መኝታ ክፍል የምጋራው ጓደኛዬ ውቅያኖስ መሃል ካለች ደሴት የመጣ ነበር። ደሴቲቱ ቀለበት ናት፤ ዙሪያዋ ውሃ፣ መሃሏም ውሃ፣ መሬቷ ቀጭን ነጭ አሸዋና የኮኮናት ዛፍ ብቻ። «ተራራስ?» አልኩት። «የለም።» «ጉብታስ?» «የለም።» የደጋ ሰው ነኝና ከልቤ አዘንኩለት። እሱ ደግሞ ባሕር ላሳይህ ብዬ ከሮም አጠገብ ወዳለው የኦስቲያ ባሕር ዳርቻ ስወስደው ጥቁሩን አሸዋ በእግሩ ጫር አድርጎ፣ «ይሄን ማን አቃጠለባቸው?» አለኝ። አንድ ለአንድ ሆንን።

ትምህርቱን ሊጨርስ ሲል የኮሌጁ አለቃ፣ ደግ ጣሊያናዊ አዛውንት ናቸው፣ «አገርህን ባሕር እየወሰዳት ነው፤ እዚሁ ብትቀር ይሻልሃል» ማለት አመጡ። እሱ የሚፈልገው ግን አገሩ ገብቶ መቀደስ ነው። ተማሪው በየተራ ስለ አገሩ የሚናገርበት ቀን ሲደርሰው የደሴቲቱን ሞዴል አሳይቶ እንዲለቁት አለቃውን ሊለምን ቆረጠ።

«አሎራ፣ እንግዲያውስ ሞዴሉን ለእኔ ተወው» አልኩት። ዱቄትና ጨው አቡክቼ መጋገሪያ ትሪ ላይ ቀለበቷን ሠራሁ። ቅድመ አያቶቹ የባሕር ድንጋይ አቃጥለው በኖራው ያቆሟትን ቤተ ክርስቲያን ላስቀምጥ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ። እኔ ባደግሁበት ቤተ ክርስቲያን ሜዳ ላይ አትተከልም። ቡጢ የሚያህል ኮረብታ አበጅቼ እላዩ ላይ ሰቀልኳት፤ ከወጥ ቤት የሰረቅሁትን የጥብስ ቅጠልም ዙሪያዋን ሰካሁ።

ጓደኛዬ ሲያየው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ቅጠሉ ምንድን ነው?»

«የደብሩ ጽድ ነዋ!»

ላፈርሰው ስል እጄን ያዘኝ። «ተወው» አለ።

በቀኑ ስለ መንደሩ ተናገረ። እሑድ መረብ የሚጥል የለም፤ መብራቱም በኮኮናት ዘይት ነው። ከዚያ ጆግ አንስቶ ትሪው ላይ ውሃ ያፈስ ጀመር። መንደሩ ሰጠመ፤ የእኔ ኮረብታ ብቻ ቤተ ክርስቲያኗን ተሸክሞ ቀረ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

እሱ አልሳቀም። «አባ፣ ኮረብታው የዚህ ሐበሻ ስህተት ነው» አላቸው። «እኛ ኮረብታ የለንም። ከዘገየሁ የምቀድስበት አላገኝም።»

አፈርኩ። አለቃው ትሪውን ትክ ብለው አዩት። «ቫ ቤኔ፣ ይሁን» አሉ በመጨረሻ፣ «ሂድ።»

ጓደኛዬ በደስታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ትሪውን ወደ ወጥ ቤት ስመልስ ኮረብታዬ በውሃው ላልቶ ከነቤተ ክርስቲያኗ ተንዶ አገኘሁት። ለእሱ አልነገርኩትም።