የእህቴን ፈረስ የሸጠው ማስታወቂያ

ብዙ ማስታወቂያ ጽፌአለሁ። የሚከራይ ክፍል፣ ያገለገለ ማቀዝቀዣ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ የጠፋ ስልክ። ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ገበያ አጠገብ ስልክ የሚጠገንበትና ወረቀት የሚታተምበት ሱቅ ውስጥ ስለምሠራ፣ ዓረብኛ መጻፍ የማይችል ያገሬ ሰው ሁሉ የሚሸጠውን ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣል። አብዛኛው እንደ ጻፍኩት ይቀራል፤ ደውሎ የሚጠይቅ አይገኝም። አንዱ ብቻ በሁለት ቀን ውስጥ ገዢ ጎትቶ አመጣ። እሱን ደግሞ ገዢ እንዳያመጣ ብዬ ነበር የጻፍኩት።

ፈረሱ የእህቴ ነው። በወረቀት ግን የባሏ ነበር። እህቴ ሦስት ክረምት የሰው ሰሊጥ አርማ፣ ሦስት መኸር የሰው ማሽላ ቆርጣ ገዛችው። በተገዛበት ቀን የመኖሪያ ካርድ ያለው ባሏ ብቻ ስለ ነበር የሽያጩ ወረቀት በእሱ ስም ወጣ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ወረቀቱን አንብቤ “ልክ ነው፣ ፈርሙ” ብያለሁ። እዚህ አገር የምንኖር ሰዎች ሁሉን ነገር ካርድ ባለው ሰው ስም ማስጻፍ ለምዶብናል፤ ሲም ካርዱም፣ የቤት ኪራዩም፣ ከብቱም እንደዚያ ነው። ሰውየው አንድ ቀን ወረቀቱን የእውነት ሊያምነው እንደሚችል አናስብም።

እህቴ ፈረሱን ካሮ በሚሉት ጋሪ ላይ ጠምዳ፣ ሁለት በርሜል ውሃ ጭና በየቤቱ ትሸጥ ነበር። ካርቱም ላይ ጦርነት ተነስቶ ከተማችን በተፈናቃይ ከሞላ ወዲህ ደግሞ ፋታ አልነበራትም። እዚያ ቤት የሚበላውም የሚለበሰውም ከዚያ ፈረስ ጀርባ ነው የሚወርደው። ፈረሱ ሄደ ማለት እህቴ ወይ ወደ ሰው እርሻ ትመለሳለች፣ ወይ እጇን ለባሏ ትዘረጋለች ማለት ነው። እጇን ለእሱ ከምትዘረጋ ብትቆርጠው እንደምትመርጥ እኔ አውቃለሁ።

ባሏን አልወደውም። ሃያ ዓመት ስለሚበልጠኝ አንቱ እለዋለሁ፤ አንቱታው ግን ካክብሮት የመጣ አይደለም። ሰውን አንተ ለማለት መቅረብ ያስፈልጋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቅ ድረስ መጣ። በርጩማውን ሳይጠይቅ ስቦ ተቀመጠና ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ “ጻፍ” አለኝ።

“ምን ልጻፍ ጋሼ?”

“ፈረስ ልሸጥ ነው።”

“የማንን ፈረስ?”

“የማንን ትለኛለህ? ወረቀቱን ላምጣልህ?”

ሪክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንለውን፣ ሊገዛ ነው። ሚስቱ በርሜል ጭና በየሰፈሩ ስትዞር ማየት አሳፍሮታል፤ ሰው ምን ይላል? አራት ዓመት ሙሉ በርሜሉ ያመጣውን ሲበላ ማንም ምንም አላለውም ነበር። “ሪክሻውን ማን ሊነዳው ነው?” አልኩት። “እኔ ነኛ!” “እሷስ?” “እሷ ትረፍ። ለፍታለች።” ይህን ሲል ውለታ የዋለላት ይመስል ፊቱ በራ። እዚያው ላንቀው ነበር።

ከዚያ ማስጻፍ ጀመረ። “ንጹሕ የዓረብ ዘር በል። አምስት ዓመቱ ነው በል። ከሰላ ላይ ተሽቀዳድሞ አንደኛ ወጥቷል በል።”

“ከሰላን መቼ አይቶ ያውቃል?”

“ማን ሄዶ ይጠይቃል?”

“ጋሼ፣ ጥርሱን ከፍተው ያዩታል እኮ። አሥራ ሁለት ሊሞላው ነው።”

“አንተ ጻፍ። ሌላውን ለእኔ ተውልኝ።” ዓረብኛውን እንደ ልቡ ይናገራል እንጂ አንድ ፊደል አይለይም። ስለዚህ የምጽፈውን ቁጭ ብሎ አየና “ይበቃል፣ አምሮበታል” ብሎኝ ሄደ። የጻፍኩት ያልተከፈለ የመብራት ሒሳብ ነበር።

በቀጥታ ወደ እህቴ ሄድኩ። ፈረሱን ፈትታ ትከሻው ላይ ያለውን የቀንበር ቁስል በጨው ውሃ ታጥበዋለች። ስነግራት እጇን አላቆመችም። ታላቄ ናት፤ እንደ እናት ነው ያሳደገችኝ፤ ስትናደድ ድምፅዋ ዝቅ ይላል።

“እምቢ በለው” አልኳት።

“እምቢ ብለው በሌላ ሰው ያስጽፋል። አንተው ጻፈው። ግን ያየው ሁሉ እንዲሸሽ አርገህ ጻፈው።”

“ምን ብዬ?”

“እውነቱን ነዋ።”

ይህ ለሁለታችንም በቂ ነበር። በኛ በኩል፣ በጎንደር ገበያ፣ ከብት የሚሸጥ ሰው ነውር አይናገርም። ገዢ ነውር ይፈልጋል፣ ሻጭ ይምላል፣ መሃል ላይ ይገናኛሉ። ሻጩ ራሱ አፉን ከፍቶ “ይነክሳል” ካለ ግን ገዢው “ይህን ከነገረኝ የደበቀኝ ምን ሊሆን ነው?” ብሎ እግሬ አውጪኝ ይላል። እኔና እህቴ ይዘነው የመጣነው የገበያ ዕውቀት ይኸው ነው።

ነውሩን እሷ ነገረችኝ። ይነክሳል። ቀኝ ጆሮው ተቀዷል። ሪክሻ ካየ ካሮውን ይዞ ቦይ ውስጥ ይገባል። ውሃ አድርሶበት የሚያውቅ በር ሁሉ ላይ ይቆማል፤ ሰዎቹ ቤቱን ለቀው ከሄዱም ይቆማል። የጎረቤት አጥር ይበላል። እየነገረችኝ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቤት ሳቅ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

“ወንድ ከያዘው ደግሞ ንቅንቅ አይልም በል” አለችኝ።

“አንቺ ስትይዢውስ?”

“እኔ ስይዘውማ የት አይሄድም! ባለፈው ክረምት በዚያ ጎርፍ፣ በርሜሉ እየተንሳፈፈ፣ እጄን አገጩ ስር እንዳረኩ ነው ያወጣኝ።” ከዚያ ቀና አለችና “እሱን ግን አትጻፍ” አለች። እሺ አልኳት።

እሺ ማለቴ እውነት ነበር። ሱቅ ተመልሼ ስቀመጥ ሁሉንም እንደ ነገረችኝ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ “ወንድ ከያዘው አይሄድም” የሚለው ላይ ስደርስ ግን ዓረፍተ ነገሩ ጎዶሎ መሰለኝ። ተቆርጦ የቀረ። አንድ ነገር ይፈልግ ነበር። እንዲህ ብዬ ሞላሁት፦ “ወንድ ከያዘው አይሄድም፤ ሴት ከመራችው ግን በጎርፍም በጭቃም መሃል ይወጣል።” በዓረብኛ ደግሞ ከዚህም የበለጠ ያምራል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስንት ዓመት የሰው ማቀዝቀዣ ሳሞግስ ኖሬ፣ የራሴ የምለው አንድ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ያን ቀን ወጣኝ። የፈረሱን ፎቶ በተቀደደ ጆሮው በኩል አንስቼ፣ የሰፈራችንን ስምና የራሴን ስልክ ቁጥር ጨምሬ፣ የከብት ሻጮችና ገዢዎች የሚገናኙበት የዋትሳፕ ቡድን ላይ ለቀቅኩት።

በማግስቱ የመጀመሪያው ደወለ። “ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይኼ ፈረስ ነው ጅብ?” ብሎ ስቆ ዘጋው። ሁለተኛው እነዚህ ሐበሾች ቀለዱብን ብሎ እናቴን ሰደበ። ደስታዬን ለብቻዬ አልቻልኩትም፤ ሮጬ ሄጄ ለእህቴ ነገርኳት።

ሦስተኛው ከመፋዛ የሚደውል ሽማግሌ ገበሬ ነው። ድምፁ ዝግ ያለ፣ የማይቸኩል። “ልጄ፣ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አስነበብኩት” አለኝ። “ዐይቡን፣ ነውሩን ሳይደብቅ የሚሸጥ ሰው ካየሁ ስንት ዘመኔ! እንዲህ ያለ ሰው ፈጣሪውን ይፈራል። ከእንዲህ ያለ ሰው ዕቃ ቢገዙ በረከት አለው።”

በዚህ አገር አሥራ ሦስት ዓመት ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር። ነውርን አስቀድሞ መናገር በእነሱ ዘንድ የሃይማኖት ግዴታ ነው፤ የነገረ ሰው ይታመናል። እኔ የሰፈሬን ልማድ ይዤ በእነሱ ገበያ መሃል ቆሜአለሁ። ደንግጬ መዋሸት ጀመርኩ። ይስላል አልኩት። “አላህ ይባርክህ፣ ይህንንም ነገርከኝ” አለ። ያነክሳል አልኩት። “አላህ ይባርክህ።” በመጨረሻ ተሽጧል አልኩት። “ለማንኛውም መጥቼ ባለቤቱን በዓይኔ ልየው” ብሎ ዘጋ።

ዓርብ ቀን ሁላችንም እህቴ ቤት እያለን መጣ። ሎሪ ይዞ፣ ባሏ የሞተባትን ልጁን አስከትሎ። እንግዳ ሲመጣ ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። ሽማግሌው አንገረብ በሚሉት የጠፍር አልጋ ላይ ተቀመጠ፣ ውሃ ጠጣ፣ ከዚያ ስልኩን ለልጁ ሰጥቶ “ሰው ሁሉ ይስማ፣ አንብቢው” አላት።

ይነክሳል ስትል የእህቴ ባል ፈገግ እንዳለ ቀረ። ጆሮው፣ ሪክሻው፣ አጥሩ ሲከታተል ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ሊመታኝ ነው ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ቢመታኝ ኖሮ እኔም የልቤን አደርስ ነበር። ሽማግሌው ግን ብድግ ብሎ የእህቴን ባል እጅ በሁለት እጁ ያዘ። “እንዳንተ ያለ ሰው ዛሬ የለም” አለው። ያ ሰው፣ ፈረሱን ከሰላ ላይ ያሸቀዳደመው፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ምን ቢል ጥሩ ነው? “እኛ እንዲህ ነን። በቤታችን ውሸት ገብቶ አያውቅም።”

ልጅቷ አልጨረሰችም ነበር። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ቀስ ብላ አነበበችው፤ እሷም ወዳዋለች። እህቴ ፈረሱ አጠገብ ቆማለች። ማንበብ ባትችልም ዓረብኛውን ጠንቅቃ ትሰማለች። ዞር ብላ አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

“ሌላው ዐይብ ምንም አይደለም” አለ ሽማግሌው። ልጁ ከራሃድ ወንዝ ዳር አትክልት እየጫነች ገበያ ታወጣለች። ክረምት ሲሆን ጥቁሩ ጭቃ መንገዱን ይይዘዋል፤ ሁለት ፈረስ ተገዝቶላት ሁለቱም አልታዘዟትም። “ሴት የሚሰማ ፈረስ ስንፈልግ ዓመት ሆነን” አለ።

ገንዘቡ ወዲያው ተቆጠረ። የእህቴ ባል ገመዱን ይዞ ጎተተ፤ ፈረሱ አልተንቀሳቀሰም። ሽማግሌው ጎተተ፤ አልተንቀሳቀሰም። የሎሪው ሹፌር ከኋላ ቢገፋው ሊረግጠው ቃጣ። ሽማግሌው ሳቀና “ጽሑፉ አልዋሸም!” አለ። ከዚያ ወደ እህቴ ዞሮ፣ በክብር፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እንድትመራለት ለመናት።

እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። ሁሉም ያያታል፤ ባሏ በዓይኑ ይገፋታል፤ ልጅቷ በጉጉት ቆማለች። እህቴ ሄዳ እጇን አገጩ ስር አደረገች። ፈረሱ ተከተላት። በሎሪው ሳንቃ ላይ አንድም ጊዜ ሳያመነታ ወጣ። ላይ ሆና ለልጅቷ እጇን የት እንደምታደርግ አሳየቻት፣ ቁስሉን በምን እንደምታጥብ ነገረቻት። ስትወርድ አንዷ ጎረቤት “ገመዱን አስቀሪ እንጂ! ከብት ሲሸጥ ገመድ አብሮ አይሄድም” አለቻት። “ለምኔ?” አለች እህቴ። ገመዱም አብሮ ሄደ።

ሪክሻው ተገዛ። ቤንዚን በተገኘ ቀን ይወጣል፤ ባልተገኘ ቀን ባሏ ውስጡ ተጋድሞ ስልኩን ይነካካል። እህቴ ለአንድ ሳምንት እንኳ እጇን አልዘረጋችለትም። ዝናቡ እንደ ጀመረ መጎናጸፊያዋን አጥብቃ ለሰሊጥ አረም የቀን ሠራተኛ የሚጭነው ሎሪ ወደሚቆምበት ሄደች። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ፈረሱ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ተከተልኳት። ሎሪው ላይ ወጥታ ከሌሎቹ ሴቶች መሃል ስትቀመጥ ከታች ሆኜ “እኔ እኮ እንዳይሸጥ ብዬ ነው” አልኳት።

“እንዳይሸጥ የጻፍከውንማ እኔ ነኝ የነገርኩህ” አለችኝ፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። “ያቺን የመጨረሻዋን ግን አትጻፍ ብዬህ ነበር። ለማን ብለህ ነው እንዲያ አሳምረህ የጻፍካት?”

ሎሪው ተነሳ። መልሱን አውቀው ነበር። ለራሴ ብዬ ነው።